ኬብሉን አትወንጅሉት፦ «በስምንት መንገድ አሥር እጥፍ» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ሲዞር ሰንብቶ እኔም ጋ ደረሰ። የላከልኝ የአክስቴ ልጅ ነው። ሰሚት ኮንዶሚኒየም ቤቱን ስቱዲዮ አድርጎ የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት ያደርጋል። ሁለት ኮምፒውተር አለው። ሳሎን ባለው ላይ ከካሜራ የመጣውን ያራግፋል። መኝታ ቤት ባለው ላይ ይቆርጣል፣ ይቀጥላል። በመሃል ኬብል ተዘርግቷል። አንድ ሠርግ፣ መልሱና ቅልቅሉ ሲጨመርበት፣ 300 ጊጋባይት ቢሞላ ብርቅ አይደለም።

ከጽሑፉ ሥር «ጋሼ፣ ከስምንቱ ሰባቱን አድርጌያለሁ። አሁንም 11 ላይ ነው። ምን ይሻለኛል?» ብሎ ጨምሮበታል። 11 የሚለው በሰከንድ 11 ሜጋባይት ነው።

ጽሑፉን ላላያችሁት ባጭሩ ላስታውስ። ጸሐፊው በቤት ውስጥ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር በኬብል የሚላክ ፋይል አሥር እጥፍ ሊፈጥን ይችላል ይላሉ። መንገዶቹ ስምንት ናቸው፦ የኢንተርኔት ፓኬጅ ማሳደግና ዲኤንኤስ መቀየር፤ ካት 8 ኬብል መግዛት፤ ዊንዶውስ ይዞታል የሚባለውን 20 በመቶ ማስለቀቅ፤ የኔትወርክ ካርዱን 1 ጊጋቢት ላይ መቆለፍ፤ ጃምቦ ፍሬም (ትልልቅ የዳታ እሽግ) ማብራት፤ አንቲቫይረስና ፋየርዎል አጥፍቶ ኤስኤምቢ 1ን (የድሮውን የዊንዶውስ ፋይል መጋሪያ ቋንቋ) መመለስ፤ በአንድ ኬብል ፈንታ ሁለት መሰካት፤ ፋይሎቹን በዚፕ ጠቅልሎ መላክ።

አሥር እጥፍ መፍጠን ይቻላል። እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። የአክስቴ ልጅ ቤትም የሆነው እሱ ነው። ግን ከስምንቱ በአንዱም አልነበረም።

ከኢንተርኔቱ ልጀምር። ፋይሉ የሚሄደው ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት ነው። ከቤት አይወጣም። ከራውተሩ ጀርባ ኢንተርኔት የሚያስገባውን መስመር ነቅላችሁ ብትጥሉት እንኳ ኮፒው ምንም ሳይል ይቀጥላል። ሞክሩት፣ በነጻ ነው። ዲኤንኤስም ሥራው ስምን ወደ ቁጥር መፍታት ብቻ ነው። ኮፒው ከተጀመረ በኋላ የሚጠይቀው የለም። ስለዚህ የጉግሉን 8.8.8.8 ብታደርጉትም ባታደርጉትም ለሳሎኑ ኮምፒውተር ለውጥ የለውም። ፓኬጅ ያሳደገ ሰው ደግሞ በየወሩ ይከፍላል።

ስህተቱ ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል። ኢንተርኔት የሚሸጥልን በሜጋቢት ነው። ዊንዶውስ ኮፒ ሲያደርግ የሚያሳየን በሜጋባይት ነው። አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው። ስማቸው መንትያ ስለሆነ ሰው ያምታታቸዋል። ጸሐፊውም አንድ ቦታ ላይ «100 ሜጋ» ብለው የትኛውን እንደሆነ ሳይነግሩን አልፈዋል። እስቲ 100 ሜጋቢትን ለ8 እናካፍለው። 12.5 ሜጋባይት በሰከንድ ይመጣል። ከዚያ ላይ ማሸጊያው ይቀነሳል፤ እያንዳንዷ እሽግ የላኪና የተቀባይ አድራሻ ተለጥፎባት ነው የምትሄደው። የሚተርፈው 11 ከምናምን ነው። 1 ጊጋቢትም በዚሁ ሂሳብ 125 ይመጣና በተግባር ከ110 እስከ 118 ይሰጣል።

የአክስቴ ልጅ 11 ነገሩን ሁሉ የነገረችኝ ለዚህ ነው። ኮፒው 11 ላይ ተቸንክሮ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳይል ከሄደ፣ ከላኪ እስከ ተቀባይ ባለው መንገድ ላይ አንድ ቦታ 100 ሜጋቢት የሆነ ነገር ተቀምጧል። 300 ጊጋባይት በ11 ሲሄድ ሰባት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ያውም በመሃል መብራት ካልሄደ። በ110 ቢሆን 45 ደቂቃ ነው። ጥያቄው ያ ነገር የት ነው የሚለው ነው። ጽሑፉ ደግሞ ይህችን ጥያቄ አንድም ቦታ ላይ አላነሳትም። ሐኪም ሳያይህ ስምንት መድኃኒት እንደሚያዝልህ ዓይነት ነው።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሄድኩ። መጀመሪያ የከፈትኩት የዊንዶውስን ሴቲንግ ነው። ኔትወርክ የሚለው ውስጥ ኢተርኔት የሚለውን ስትነኩ «ሊንክ ስፒድ» የሚል መስመር አለ። እዚያ 1000 መሆን የነበረበት ቁጥር 100 ነው። በሁለቱም ኮምፒውተር ላይ። ሁለቱም ኬብሎች የሚገቡት ራውተሩ ውስጥ ነበር። ራውተሩን ገልብጬ ጀርባውን አየሁት። አራቱም ፖርቶች 100 ሜጋቢት ናቸው።

«ካርቶኑ ላይ እኮ 1200 ይላል!» አለኝ። ይላል። 1200 የዋይፋዩ ነው፤ ያውም የሁለት ሞገዶች ፍጥነት ተደምሮ የተጻፈ። የኬብል ፖርቱ ፍጥነት ካርቶኑ ጎን በደቃቅ ጽሕፈት ነው ያለው። ርካሽ ራውተሮች ላይ ይህ በጣም የተለመደ ነው። ዋይፋዩ ከኬብሉ ይበልጣል፤ ነገር ተገልብጦ።

መፍትሔው ራውተር መቀየር አይደለም። አምስት ፖርት ያለው ትንሽ ጊጋቢት ስዊች፣ ማለትም ኬብሎችን እርስ በርስ የሚያገናኝ ሣጥን፣ በቂ ነው። ሁለቱ ኮምፒውተሮች ስዊቹ ላይ ይሰካሉ። ከስዊቹ አንድ ኬብል ወደ ራውተሩ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚሄደው ፋይል ስዊቹ ላይ ተገናኝቶ ይጨርሳል፤ ራውተሩን አይነካውም። ራውተሩ 100 ቢሆን ለኢንተርኔቱ ይበቃዋል። ስዊች መግዛት ያልፈለገ ደግሞ ሁለቱን ኮምፒውተር በአንድ ኬብል ፊት ለፊት ማገናኘት ይችላል። ድሮ ለዚህ የተጠላለፈ ኬብል ያስፈልግ ነበር። የአሁኖቹ ጊጋቢት ካርዶች ራሳቸው ያስተካክሉታል። በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ካያችሁ አትደንግጡ፤ አድራሻ የሚያድል ራውተር ሲጠፋ ዊንዶውስ ለራሱ የሚሰጠው ነው።

ስዊቹን ሰካነው። የመኝታ ቤቱ ኮምፒውተር ወዲያው 1000 አለ። የሳሎኑ 100 ላይ ቀረ።

አሁን ወደ ኬብሉ መጣን። ጸሐፊው ብዙ ቃል ያፈሰሱት እዚህ ላይ ነው። «ካት 5 የድሮ ነው፣ ጣሉት፤ ካት 7 ወይም ካት 8 ካልሆነ ፍጥነት አታገኙም» ይላሉ። የአክስቴ ልጅም ሰምቷቸው ለመኝታ ቤቱ ካት 8 ገዝቷል። ወፍራም፣ ጥቁር፣ ጫፉ በብረት የተለበጠ። እውነት ለመናገር ያምራል።

ግን ጊጋቢት በኬብል ላይ የተደነገገው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ያኔ ታሳቢ የተደረገው ተራው የካት 5 ቤተሰብ ነው፤ ርቀቱ እስከ 100 ሜትር። ዛሬ «ካት 5ኢ» ተብሎ የሚሸጠው ኬብል ሙሉ ጊጋቢት ያለ ምንም ችግር ያደርሳል። 100 ሜትር ያለው ሳሎን ያለው ሰው ካለ ይጥራኝ፣ ቡና ልጠጣ። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የ2.5 ጊጋቢት ደረጃ የተሠራው ይኸው ካት 5ኢ ሳይነቀል ፍጥነት እንዲጨመር ነው። ካት 6 እስከ 55 ሜትር ድረስ 10 ጊጋቢት ይችላል። ካት 8 የተሠራው ለዳታ ሴንተር ነው፤ ለ25 እና ለ40 ጊጋቢት፣ ያውም ለ30 ሜትር ብቻ። ካት 7 ደግሞ የአሜሪካው የኬብል ደረጃ አውጪ አካል ጭራሽ ያልተቀበለው ነው። የራሱ የሆነ ሌላ ዓይነት ኮኔክተር ነበረው። በየሱቁ አርጄ 45 የሚባለውን ተራውን የኔትወርክ ኬብል ጫፍ ገጥመውለት «ካት 7» የሚሉትን ስታዩ ይህን አስታውሱ። ባለ ጊጋቢት ካርድ ላይ ካት 8 መሰካት በጠባብ የመንደር መንገድ ላይ ለመኪና የውድድር ጎማ እንደ መግጠም ነው።

ታዲያ የሳሎኑ ለምን 100 ቀረ? ኬብሉ ውስጥ ስምንት ሽቦ፣ ማለትም አራት ጥንድ አለ። ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቡናማ፤ እያንዳንዱ ነጭ ከተቀላቀለበት ጓደኛው ጋር። 100 ሜጋቢት ሁለት ጥንድ ይበቃዋል፤ ብርቱካናማውና አረንጓዴው። ጊጋቢት ግን አራቱንም ይፈልጋል። ከሰማያዊው ወይም ከቡናማው አንዷ ሽቦ ብትላቀቅ ግንኙነቱ አይቋረጥም። ዝም ብሎ ወደ 100 ይወርዳል። ኢንተርኔቱ ይሠራል፣ ዩቲዩብ ይሠራል፣ ማንም ምንም አያውቅም። ፋይል ስትልኩ ብቻ ነው የሚታወቃችሁ።

የሳሎኑን ኬብል ጫፍ በስልክ መብራት አየሁት። ከኮሪደሩ በላይ የሚያልፈውን መስመር የዘረጋው ባለሙያ አራት ሽቦ ብቻ አስገብቷል። ሰማያዊውና ቡናማው ወደ ኋላ ታጥፈው ተቆርጠዋል። ለኢንተርኔት ስለሚበቃ ነው እንጂ ክፋት አልነበረውም። ሁለቱንም ጫፍ ቆርጬ በአዲስ አርጄ 45 መታሁት። ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። በሁለቱም ጫፍ ያው ቅደም ተከተል። ሊንክ ስፒዱ 1000 አለ። ኮፒውን አስጀመርነው፤ 112። የአክስቴ ልጅ ምንም አልተናገረም፣ ሄዶ ቡና አስፈላ።

ጸሐፊው ስለ ኬብል ሊያስጠነቅቁን ከፈለጉ የሚያስጠነቅቁበት ነገር ነበረ። ገበያ ላይ ከውጭ መዳብ የተቀባ፣ ውስጡ አሉሚኒየም የሆነ ኬብል ሞልቷል። የኬብል ደረጃዎቹ ይህን አይፈቅዱም። አሉሚኒየም ከመዳብ ይልቅ ኤሌክትሪክ ይከለክላል፤ ደግሞም ጫፉን ሲመቱት ቶሎ ይሰበራል። ጃኬቱ ላይ ግን ካት 6 ተብሎ በጉልህ ተጽፏል። መለየት ቀላል ነው። አንዷን ሽቦ በምላጭ ፋቅ አድርጉ። ውስጧም ቀይ ከሆነ መዳብ ነው፤ ነጣ ካለ አሉሚኒየም ነው። ጥቅሉንም በእጅ መመዘን ይረዳል፤ አሉሚኒየሙ ይቀልላል። እውነተኛ የመዳብ ካት 5ኢ ከአስመሳይ ካት 7 ሺህ ጊዜ ይሻላል።

ሦስተኛውን ምክር ቶሎ ልለፈው። «ዊንዶውስ 20 በመቶውን ፍጥነት ለራሱ ይደብቃል» የሚለው ወሬ ከዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ጀምሮ የሚዞር ነው። ማይክሮሶፍት ያኔውኑ መልስ ሰጥቶበታል፦ ቅድሚያ የጠየቀ ፕሮግራም ከሌለ መቶ በመቶው ለሁሉም ክፍት ነው። ሃያ ዓመት ያለፈው ወሬ እስካሁን አዲስ ግኝት ሆኖ መጻፉ ይገርመኛል።

አራተኛው ግን የሚጎዳ ነው። «ካርዱን በራሱ እንዲወስን አትተዉት፣ 1 ጊጋቢት ላይ ቆልፉት» ይላሉ። ካርዱና ስዊቹ ሲገናኙ መጀመሪያ ይነጋገራሉ። አንተ ስንት ትችላለህ፣ እኔ ይህን ያህል፣ ብለው በሚችሉት ትልቁ ላይ ይስማማሉ። ወደ 100 ከወረዱ ምክንያት አላቸው፤ ወይ ፖርቱ 100 ነው፣ ወይ ሽቦው ጎድሏል። መቆለፍ ሽቦ አያበቅልም። የአክስቴ ልጅ ሲቆልፈው ኔትወርኩ ጭራሽ ጠፋ፤ ከዚያ ደንግጦ መለሰው። ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ። አንዱን ጎን በእጅ 100 ላይ ቆልፋችሁ ሌላው ጎን በራሱ እንዲወስን ከተዋችሁት፣ ያኛው ወገን የሚያናግረው ያጣና በየተራ ብቻ የሚነጋገሩበት ግንኙነት ላይ ነው ብሎ ይገምታል። አንዱ እያወራ ሌላው ያቋርጠዋል። ግንኙነቱ አለ፣ ፍጥነቱ ግን ከኤሊ ያንሳል። ይህን ዓይነት ብልሽት ፈልጎ ማግኘት ራስ ያዞራል። የካርዱን ሴቲንግ «አውቶ» ላይ ተዉት።

ጃምቦ ፍሬም ላይ ጸሐፊው ግማሽ ልክ ናቸው። ተራዋ እሽግ 1500 ባይት ትይዛለች። ጃምቦ 9000 ታደርጋታለች። እሽጉ ሲተልቅ የማሸጊያው ድርሻ ይቀንሳል። እስከዚህ እንስማማለን። «በብዙ እጥፍ ይፈጥናል» ሲሉ ግን ሂሳቡን አልሠሩትም። እኔ ሠራሁት። በ1500 ከ100 ባይት 95ቱ ያህል ፋይሉ ራሱ ነው። በ9000 ደግሞ 99 ያህል። በጊጋቢት መስመር ላይ ከ118 ወደ 123 ከፍ ቢል ነው፤ አራት በመቶ። የ300 ጊጋባይቱ ሠርግ ላይ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

ለዚያች ሁለት ደቂቃ የምትከፍሉት ዋጋ ምንድን ነው? በመንገዱ ላይ ያለ ዕቃ ሁሉ፣ ሁለቱም ካርድና ስዊቹ፣ እኩል 9000 መሆን አለበት። አንዱ ካልተቀበለ ትልልቆቹ እሽጎች በመሃል ይጠፋሉ። ምልክቱ ደግሞ ግራ ያጋባል፤ ፎልደሩ ይከፈታል፣ የፋይሎቹ ስም ይታያል፣ ኮፒ ስትሉት ቀጥ ይላል። 10 ጊጋቢት ያለው ሰው፣ ፕሮሰሰሩን ማሳረፍ የፈለገ፣ ቢጠቀምበት ይገባኛል። ለኮንዶሚኒየም ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ስድስተኛውን ሳነብ ግን ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ኤስኤምቢ ማለት ዊንዶውስ ሼር የተደረገ ፎልደር ላይ የሚነጋገርበት ቋንቋ ነው። ኤስኤምቢ 1 የመጀመሪያው ነው፤ ሥሩ 1980ዎቹ ድረስ ይሄዳል። ጸሐፊው «ቀላል ስለሆነ ይፈጥናል» ይላሉ። እውነቱ ተቃራኒው ነው። ኤስኤምቢ 1 ወሬኛ ነው። ለትንሽ ጉዳይ ብዙ ይመላለሳል። ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው ኤስኤምቢ 2 ከመቶ በላይ የነበሩትን ትእዛዞች ወደ 19 ነው ያወረዳቸው።

ፍጥነቱ ቢቀር ደኅንነቱ አለ። ግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ዓለምን ሲያምስ የገባው በዚሁ በኤስኤምቢ 1 ቀዳዳ ነው። የእንግሊዝ የመንግሥት ሆስፒታሎች ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደርሰው ነበር። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍን ማስተካከያ ከሁለት ወር በፊት አውጥቶ ነበር፤ ብዙ ሰው አልጫነውም እንጂ። ከዚያም በጥቂት ወራት ውስጥ በአዲሱ ዊንዶውስ 10 ላይ ኤስኤምቢ 1ን ከመደበኛው ጭነት ማስወጣት ጀመረ። የተዘጋውን በር እንክፈት ነው የሚሉን። ያውም አንቲቫይረሱና ፋየርዎሉ ጠፍተው! ከየደንበኛው ፍላሽ የሚቀበል የቪዲዮ ቤት ላይ! አንቲቫይረስ እልፍ አእላፍ ጥቃቅን ፋይል ሲያልፍ አንድ በአንድ ስለሚፈትሽ ማዘግየቱ እውነት ነው። አንድ ትልቅ ቪዲዮ ላይ ግን ልዩነቱ አይታወቃችሁም። እሁድ ዕለት ካጠፋው ውስጥ ሁሉንም መልሼ ስላበራሁ 112ቱ የመጣው አንቲቫይረሱ እየሠራ ነው።

ሁለት ኬብል መሰካት የሚለው ሲሰሙት ያሳምናል። አንድ ቧንቧ ካልበቃ ሁለት ቧንቧ። ኔትወርክ ግን እንዲህ አይሠራም። ሁለት ኬብል የሚያጣምሩ ስዊቾች አንድ ዝውውርን በአንዱ ኬብል ብቻ ነው የሚልኩት፤ ሁለተኛው ኬብል የሚጠቅመው ሁለተኛ ሰው ሲመጣ ነው። ለጸሐፊው ፍትሐዊ ልሁንና፣ ከኤስኤምቢ 3 ጀምሮ «መልቲቻነል» የሚባል ነገር አለ። ሁለቱም ኮምፒውተሮች ሁለት ሁለት ካርድ ካላቸው አንድን ፋይል በሁለቱም መስመር ከፋፍሎ መላክ ይችላል። ጸሐፊው ግን ይህን አላነሱም። ያሉት «ሁለተኛ ኬብል ሰኩ» ብቻ ነው።

ይህ ምክር አደጋ አለው። ከዓመታት በፊት አንድ ቢሮ ውስጥ ሁለት ተራ ስዊቾችን «ይፈጥናል» ብዬ በሁለት ኬብል አገናኘኋቸው። እሽጎቹ በአንዱ ገብተው በሌላው እየተመለሱ፣ እየተባዙ፣ ዙሪያ ጥምጥም መዞር ጀመሩ። የስዊቹ መብራቶች ሁሉ ባንድ ላይ እንደ ገና ዛፍ ብልጭ ድርግም አሉ። በሰከንዶች ውስጥ የፎቁ ኔትወርክ በሙሉ ሞተ። ሰው ሁሉ ከየክፍሉ እየወጣ «ኔትወርክ የለም እንዴ?» ይላል። እኔም አብሬ «የለም እንዴ?» አልኩ። ኬብሉን ነቅዬ ኪሴ ከከተትኩ በኋላ ነው የተናዘዝኩት። የአክስቴ ልጅ ሰባቱን አድርጎ ይህችን የተዋት ራውተሩ ላይ ባዶ ፖርት ስላጣ ነው። ተመስገን።

ከጊጋቢት በላይ መሄድ የፈለገ ሰው ሁለት ካርድ ከሚያጣምር ይልቅ ባለ 2.5 ጊጋቢት ካርድና ስዊች ይግዛ። ኬብሉ ያው ካት 5ኢ ይበቃዋል። በሰከንድ እስከ 280 ሜጋባይት ያገኛል። ግን አንድ ነገር ካሟላ ብቻ ነው። ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ ያነበብኩት ያን ነገር ፍለጋ ነበር፤ የለም። ዲስክ።

ፋይል ከኬብል ላይ አይነሳም፣ ኬብል ላይም አይቀመጥም። ከዲስክ ይነሳል፣ ዲስክ ላይ ያርፋል። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከ100 እስከ 150 ሜጋባይት አካባቢ ነው የሚሠራው፣ አዳዲሶቹ ትልልቆች ከዚያ ይበልጣሉ። የሚሽከረከር ነገር የሌለው ዲስክ፣ ማለትም ተራ ኤስኤስዲ፣ 500 ያልፋል። ስለዚህ ተራ ሃርድ ዲስክ ላለው ሰው ጊጋቢት ጣሪያው ነው፤ 2.5 ጊጋቢት ቢገዛ ገንዘቡን ሜዳ ላይ በተነ። ዲስኩ በዩኤስቢ 2 ከተሰካ ደግሞ 40 እንኳ ማግኘት ይከብዳል። ኮምፒውተሩ ኋላ ያለችውን ሰማያዊዋን ቀዳዳ ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ዩኤስቢ 3 እሷ ናት።

የአክስቴ ልጅ ያለቀውን ሥራ የሚያከማችበት ትልቅ የውጭ ሃርድ ዲስክ አለው። እዚያ ላይ ስንልክ በ110 ጀመረ። ደስ ብሎን ቡናችንን ቀዳን። ሁለተኛው ስኒ ላይ 30 ሆኖ አገኘነው። ኬብሉ አልተለወጠም፣ ስዊቹ አልተለወጠም። ነገሩ እንዲህ ነው። ርካሽና ትልልቅ ከሆኑት ሃርድ ዲስኮች ብዙዎቹ መስመሮቻቸውን እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ አንዱን በአንዱ ላይ ደረብ አድርገው ነው የሚጽፉት። ቦታ ይቆጥባል። ግን የታችኛውን ቆርቆሮ ለመቀየር የላይኛውን ማንሳት ግድ ነው። ለዚህ ሲሉ መጀመሪያ የሚመጣውን ፈጣን በሆነች ትንሽ ቦታ ላይ ይቀበሉታል። እሷ ስትሞላ ነው ማቃሰት የሚጀምሩት። ለማስቀመጥ መጥፎ አይደሉም። በየቀኑ እየጻፉ ለመሥራት ግን አይሆኑም። ሥራውን ኤስኤስዲ ላይ እንዲያደርግ፣ ያለቀውን ደግሞ ሲተኛ እዚያ እንዲያራግፍ መከርኩት።

ጥፋቱ የኬብል ይሁን የዲስክ መለየት ለሚፈልግ አይፐርፍ 3 የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። አንዱ ኮምፒውተር ላይ ተቀባይ፣ ሌላው ላይ ላኪ አድርጋችሁ ትከፍቱታላችሁ። ዲስክ ሳይነካ፣ ከሚሞሪ ወደ ሚሞሪ ብቻ ይልካል። ጤነኛ ጊጋቢት 940 ሜጋቢት አካባቢ ያሳያል። እዚያ 940 አይታችሁ ኮፒው ላይ 30 ካያችሁ ኬብሉን ተዉት፣ ወደ ዲስኩ ሂዱ። አይፐርፉ ራሱ 94 ካሳየ ደግሞ ጫፎቹን በስልክ መብራት እዩ። እኛ እሁድ ይህን ያደረግነው መጨረሻ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ማድረግ ነበረብን።

የቀረው ስምንተኛው ነው፤ ዚፕ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ምክንያታቸው ግን ልክ አይደለም። «ፋይሉ ስለሚያንስ ይፈጥናል» ይላሉ። ቪዲዮና ፎቶ ቀድሞውኑ የተጨመቁ ናቸው። ዚፕ ብታደርጓቸው ለምልክት ያህል እንኳ አያንሱም። እውነተኛው ምክንያት ሌላ ነው። የሠርጉ ፎቶ 4000 ፋይል ነው እንበል። ለእያንዳንዱ ሁለቱ ኮምፒውተሮች ይመላለሳሉ፦ ክፈት፣ ስሙ ይህ ነው፣ መጠኑ ይህ ነው፣ ጻፍ፣ ዝጋ። አራት ሺህ ጊዜ። ከፋይሉ ይልቅ ወሬው ይረዝማል። አንድ ላይ ሲጠቀለሉ አንድ ጊዜ ተከፍቶ አንድ ጊዜ ይዘጋል። ስለዚህ ዚፕ ስታደርጉ ሳይጨመቅ እንዲጠቀልል የሚለውን ምርጫ ውሰዱ። ፕሮሰሰሩ በከንቱ አይደክምም። መጠቅለል የሰለቸው ደግሞ ዊንዶውስ ውስጥ ሮቦኮፒ የሚባል ትእዛዝ አለ። ብዙ ፋይል ባንዴ ጎን ለጎን እንዲልክ ማዘዝ ይቻላል። አንዱ እስኪዘጋ ሌላው አይጠብቅም።

ልወጣ ስል የአክስቴ ልጅ ካት 8ቱን እያየ «ታዲያ ይህንን ምን ላድርገው?» አለኝ። ነቅዬ በቦታው ከመሳቢያው ያገኘሁትን አቧራ የጠጣ ካት 5ኢ ሰካሁ። 112። ካት 8ቱን መልሼ ሰካሁ። 112። ገንዘብ ወጥቶበታልና እሱው እዚያው ቀረ።